ሦስት እስኪቆጠር

ፋብሪካ ያወጣላት ስም ራዲዮ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆንያ በሚሸምኑ ማሽኖች መሃል ስትሠራ፣ ከማሽኖቹ በላይ ጮኻ የምታወራ ሴት እሷ ብቻ ስለነበረች ነው የሥራ ባልደረቦቿ እንዲህ ያሏት። ስሙ ጡረታ ስትወጣ አብሯት ወጣ። ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ባሏም ሳይቀር ራዲዮ ይሏታል፤ እሷም አትከፋም። ራዲዮ ይናገራል እንጂ እንደማይሰማ ግን አንድም ሰው ልብ አላለውም።

አዎ፣ ራዲዮ አትሰማም። «ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ይላል» የሚባለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ድፍን ነው። ጡረታ ልትወጣ አምስት ዓመት ሲቀራት አንዱ ጆሮዋ ሄደ፣ ሁለተኛውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ የደበቀችው ካቦው ከማሽን ላይ አንስቶ መጥረጊያ እንዳያስጨብጣት ፈርታ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽ?» የሚለውን ጥያቄ ፈራች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ባዳነቱን አበዛው።

ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ የራዲዮ ነገር ሁሉ የሚገባት በዓይኗ ነው። ሰው ሲያናግራት ከንፈር ከንፈሩን ታያለች። ሲስቁ ትስቃለች፣ ሲያዝኑ «ወይ ጉድ» ትላለች። ባለሱቁ ጢሙን አፉ ድረስ ያሳደገ ጊዜ ሱቅ ቀየረች። ስልክ ሲደወል የሽርጥ ኪሷ ውስጥ ይነዝራታል፤ ታነሳና ደዋዩ አፉን ሳይከፍት «ሁላችንም ደህና ነን፣ በልቷል፣ መድኃኒቱንም ወስዷል፣ አንቺም በርቺ፣ ቻው!» ብላ ትዘጋለች። ስልክ የሚደውልላት ልጇ ብቻ ስለሆነች እስካሁን ያዋጣት ነበር። አንዴ ብቻ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ደውሎ እሱንም በርቺ ብላዋለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ንግግር ጨርሶ አልጠፋበትም። ልጃቸው ጆሮዋን ከንፈሩ ላይ ለጥፋ፣ ታግሣ፣ ሁለት ሦስት ቃል ታወጣለታለች። ለራዲዮ ግን ያ የተጣመመ አፍ ተዘጋባት። የካቦውን፣ የጎረቤቱን፣ የመንገደኛውን አፍ የምታነብ ሴት፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሳመችውን አፍ ማንበብ አቃታት። ይሄንን ስታስብ ታለቅሳለች፣ ሲያያት ደግሞ ሽንኩርት ነው ትላለች።

ስለዚህ በከዘራ ነው የሚነጋገሩት። ከዘራው አልጋው አጠገብ ይቆማል። አንድ ጊዜ ግድግዳውን ሲመታ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ሲመታ ፖፖ። ሦስት ጊዜ ከሆነ ጎኔ ዛለ፣ አገላብጪኝ ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ከዚያው ግድግዳ ማዶ፣ ከአልጋው ራስጌ ትክክል ተጠግቶ ተቀምጧል። ራዲዮ ናት ጎትታ ያስጠጋችው። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ምስር ስትለቅም፣ ዝም ብላ ስትቀመጥም የግራ ክርኗ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምቱ ግድግዳውን አልፎ በእንጨቱ በኩል ክርኗ ላይ ይደርሳታል፤ ወዲያው ብድግ ትላለች። ልብስ ለማጠብ ወይም ለሌላ ሥራ ከጠረጴዛው ከራቀች፣ በየአምስት ደቂቃው እየተመላለሰች ታየዋለች። ማታ እጇን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ ትተኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠርቷት ሳትደርስ ቀርታ አታውቅም።

ልጃቸው ፋርማሲስት ናት። ሥራዋ ጥንቃቄ ነው፤ ጠባይዋም እንደዚያው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ወጥታ ትመጣለች፤ የአባቷን መድኃኒት ትደረድራለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታያለች፣ ከዚያ እናቷን ፊት ለፊት አስቀምጣ ትመረምራታለች።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሲያንኳኳ ትሰሚዋለሽ?»

«ምነው ልጄ! ዝንብ ስትበር እሰማለሁ እኮ!»

«ቀልዱን ተይው። አንድ ቀን ጠርቶሽ ሳትደርሺለት ብትቀሪ መጦሪያ ነው የማስገባው። ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«አፈር ልብላልሽ፣ እንዲህ አትበይ። ከዚህ ቤት ከወጣ ይሞትብኛል።»

«እኔም እኮ እንዳይሞት ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ሹፌሩ ይሄን ሲሰማ ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ያመላልሳል፤ በደህናው እጁ የሚስቱን እጅጌ ጨምድዶ ይይዛል። መጦሪያውን ሁለቱም ያውቁታል። የድሮ የሥራ ባልደረባውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳያያቸው ተመልሰዋል። አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ወደ ቤት ሲመለሱ «እኔን እንዲህ አታድርጊኝ» አላት። ያኔ አፉ ቀና ነበር፤ ቃሉ አንድ በአንድ ገብቷታል። እሷም አላደርግህም ብላ ማለችለት። እንግዲህ ያ መሐላ የተንጠለጠለው በአንዲት ክርን ላይ ነበር።

ፈንዲሻው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሹፌሩ ፈንዲሻ ነፍሱ ነው። ድሮ ከሥራ ሲገባ ራዲዮ ድስት ትጥዳለች፤ እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ተኩስ ተጀመረ!» እያለ ይስቃል። አሁን መዋጥ ስለሚያስቸግረው አንዲት ፍሬ እንኳ ተከልክሏል። ድምፁን መስማት ግን ሐኪም አልከለከለውም። ቅዳሜ ልጁ ስትመጣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፤ እሱ በግድግዳው በኩል እየሰማ በተጣመመ አፉ ይስቃል፤ ልጅቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትበላለታለች። ችግሩ ራዲዮ ድስቱን ማሳረሯ ነበር። ፍንዳታው መቼ እንደቆመ በምን ትወቀው? ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሦስት ድስት አሳረረች።

«እየረሳሽ ነው፣ እማዬ» አለች ልጅቱ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ራዲዮም «እርጅና ነዋ፣ ምን ላድርግ» ብላ የሌለባትን በሽታ ተቀበለች። ዘንጊ መባል ይሻላታል፤ ዘንጊ ሰው ሲያንኳኩ ይሰማል።

በአራተኛው ቅዳሜ ልጅቱ የኤሌክትሪክ የፈንዲሻ ማሽን ይዛ መጣች። ቀይ ነው፤ ሆዱ የብረት ጉድጓድ፣ ክዳኑ ፕላስቲክ፣ ከፊት ለፊቱ ሰፊ አፍንጫ አለው።

«ዘይት የለ፣ ድስት የለ» አለች። «ፍሬውን በዚች ኩባያ ለክተሽ ትጨምሪያለሽ፣ ክዳኑን ትገጥሚያለሽ፣ ታበሪዋለሽ። ከሥር ትኩስ አየር እየነፋ ያፈነዳውና ራሱ በአፍንጫው ሳህንሽ ላይ ይተፋልሻል።»

«ማጥፋቱስ? ራሱ ነው የሚጠፋው?»

«እሱን አንቺ ነሽ። ስታዳምጪው ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ እየራቀ ይመጣል። ባንዱና በሚቀጥለው መሃል ሦስት እስክትቆጥሪ ዝም ካለ አለቀ ማለት ነው። ትነቅይዋለሽ።»

ስታዳምጪው! ራዲዮ ሳቀች፤ ማሽኑንም ልጇንም አመሰገነች። ልጅቱ እንደሄደች ግን በሩን ዘግታ ከማሽኑ ጋር ተፋጠጠች። አራት ጊዜ አፈነዳች። በአራተኛው መላውን አገኘችው። የቀኝ እጇን ጣቶች ክዳኑ ላይ ስታሳርፍ የማሽኑ ንፋስ እንደ ድመት ሆድ ይርገበገባል፤ ፍሬው ሲፈነዳ ደግሞ ክዳኑን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ጠብታው ሲራራቅ ትቆጥራለች፤ ሦስት ላይ ስትደርስ ትነቅላለች። አንድም አላረረባትም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አድርጋ «ሰውዬ፣ ሰማኸው? አሪፍ አይደል?» ብላ ጮኸች። ከማዶ አንድ ምት መጣላት፤ ውኃ አልነበረም፤ አዎ ማለቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ስለ መርሳት ማንሳት ተወች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ራዲዮ ታውቀዋለች፤ እኔስ አመለጥኩ ብላ ነበር።

ያቺ ቅዳሜ ከሌሎቹ የተለየች አልነበረችም። ራዲዮ ባሏን አጠበችው፣ ሾርባውን በማንኪያ አጠጣችው፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው። ፖፖውን አጥባ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠችው። ልጅቱ ልትመጣ ጥቂት ሲቀራት ፈንዲሻውን ልትጀምር ወጥ ቤት ገባች። ያለቀው በቆሎ በሌላ ተተክቷል፤ ከአዲሱ ሱቅ ያመጣችው ከርሞ የደረቀ ነው። ደረቅ ፍሬ ልግመኛ ነው፤ አንዱ ዛሬ ሌላው ነገ እያለ በየተራ ይፈነዳል። ትናንት ማታ ማሰሮው ውስጥ አንድ ማንኪያ ውኃ ጨምራ ብትንጠውም ቶሎ እንደማይለሰልስ ታውቃለች። እንግዲህ ትታገሠዋለች፤ ዛሬ ልጅቱን ሳትጠብቅ ቀድማ የጀመረችውም ለዚህ ነው።

አበራችው። የቀኝ ጣቶቿን ክዳኑ ላይ፣ የግራ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ጣቶቿ የፈንዲሻው፣ ክርኗ የባሏ፤ እንዲህ ነበር ያከፋፈለቻቸው። ማሽኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው የተቀመጠው። እሱ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ክርኗ። ልጅቱ ቤት በምትሆንባቸው ቅዳሜዎች አባቷ ቢያንኳኳ ልጅቱ ትሰማለች፤ ስለዚህ ይሄ ነገር ጣጣ ሆኖ አያውቅም ነበር። ራዲዮም አስባበት አታውቅም።

ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። ነጭ በነጭ ሆኖ በአፍንጫው እየተንደረደረ ሳህኑ ላይ ወረደ። በዚያ ሁካታ መሃል ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ጠበቀ። እንደገና ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ክርኗ ይሄን ከፈንዲሻው አልለየውም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ልጁ እየመጣች ነው፤ ሴት ልጁ ረጥቦ እንድታገኘው አልፈለገም። በደህናው ጎኑ ተደግፎ ለመነሣት ሞከረ።

ፍንዳታው መራራቅ ጀመረ። ራዲዮ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፤ ጠብ። አንድ፤ ጠብ። አንድ፣ ሁለት፤ ጠብ።

«ወይ ልግመኛ!» አለችው በቆሎውን። ከአፍንጫው የሚወጣ ነገር እንደሌለ ዓይኗ አይቷል። ግን ጣቷ አለ ይላታል፤ ጣቷን አመነች። ዓይን ያያል እንጂ አይሰማም፤ እሷ የምትሰማው በጣቷ ነበር። ፍሬዎቹ ከሥር ተጣብቀው እየፈነዱ ይሆናል አለች። ትንሽ ሸተታት፤ ማሽኑ ሁልጊዜም ትንሽ ይሸታል። አንድ፣ ሁለት፤ ጠብ።

ባሏ ይስቅ ይሆናል ብላ አሰበችና ወደ ግድግዳው ዞራ ጮኸች፦

«ሰውዬ፣ ትሰማለህ? የዛሬው በቆሎ አልሸነፍም ብሏል! ከአንተ የባሰ ግትር ነው!»

ወዲያው ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ አለ፤ በጥድፊያ፣ በኃይል። ራዲዮ ከት ብላ ሳቀች። «በሉ፣ በሉ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ከዚያ እንደገና ተራራቀ። አንድ፣ ሁለት፤ ጠብ። እንዲህ እያለች አሥር ደቂቃ ያህል ቆየች፤ ሦስት የምትልበት ፋታ አጣች።

ጥላ ስታይ ዞረች። ልጇ የራሷን ቁልፍ ተጠቅማ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች።

«መጣሽ እናቴ? ቆይ፣ ገና አልጨረሰም። ትንሽ እየፈነዳ ነው።»

ልጅቱ አፏን ከፍታ አየቻት። የማሽኑ ሆድ ጠቁሯል፣ ስስ ጭስ ከጣሪያው ሥር ይንሳፈፋል፣ ሳህኑ ላይ ያለው ፈንዲሻ በርዷል። ተንደርድራ ማሽኑን ነቀለችው። ንፋሱ ከራዲዮ ጣቶች ሥር እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ሞተ።

ፈንዲሻው ግን መፈንዳቱን አላቆመም። አንድ፣ ሁለት፤ ጠብ። ክርኗ ላይ።

ራዲዮ ማሽኑን አየች፣ ክርኗን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ቀና ስትል ልጅቱ ከወጥ ቤቱ ሮጣ ወጥታለች።

ሹፌሩ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል። ግንባሩ ደምቷል፣ ሱሪው ረጥቧል፣ አንድ እግሩ ያለ ወጉ ዞሯል። ከዘራውን በግራ እጁ አጋማሹ ላይ ይዞ የግድግዳውን ግርጌ ይመታል። ልጁ አጠገቡ ተንበርክካም አላቆመም፤ ከዘራውን ፈልቅቃ እስክትወስድበት ድረስ ይመታ ነበር። ግድግዳው ቀለሙ ተልጦ ነጭ ጉድጓድ ሠርቷል።

«እማዬ፣ በሩ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት!» አለች ልጅቱ ዞር ብላ። «ከደረጃው ይሰማል! አንቺ አጠገቡ ሆነሽ…» ንግግሯን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። አፏን በመዳፏ ሸፍና ከመዳፏ ኋላ አንድ ነገር ተናገረች። ከዚያ መዳፏን አነሣች፤ እናቷ ምንም አልመለሰችም ነበርና ገባት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየች።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች ራዲዮ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም፤ የሹክሹክታ ያህል ነው የተናገረችው።

አምቡላንሱ መጣ። ሁለት ሰዎች ሹፌሩን በቃሬዛ አንሥተው በጠባቡ መተላለፊያ ሲያወጡት፣ ራዲዮ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። አጠገቧ ሲደርሱ እጁን ዘርግቶ እጅጌዋን ያዘ፤ ተሸካሚዎቹም ቆሙ። ዓይን ዓይኗን እያየ ተናገረ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ያ የተጣመመ አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና ተከፈተ። ራዲዮ ባላት ዓይን ሁሉ አየችው። አንዲት ቃል አልገባትም። ልጅቱ ግን ከኋላቸው ሆና ሰማች፤ ሰምታም ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች። ሹፌሩ እጅጌዋን ለቀቀ። ይዘውት ወረዱ።

የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር። መተኛቱ ሳንባውን አበላሸው፤ በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በዘጠኙም ቀን ራዲዮ ከአልጋው አልተለየችም፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ አልተናገረም። መጦሪያ ሳይገባ ቀረ። እንግዲህ መሐላዋን ጠብቃለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ መጠበቅ ለጠላትም አይስጥ።

ቀብሩ እንዳለፈ ልጇን «ምን አለኝ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ «አትጨነቂ ነው ያለሽ» አለች። ከሳምንት በኋላ እንደገና ስትጠይቃት «እግዜር ይስጥሽ ብሎ አመሰገነሽ» አለች። ራዲዮ ከንፈሯን ታየዋለች፤ ከንፈሩ አይንተባተብም፣ ቃሉ ጥርት ያለ ነው። ልታምን ትፈልጋለች። ልጅቱ አልወቀሰቻትም፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም። ይልቅ እየጎተተች ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ከውስጥ የተረፈ ትንሽ መስማት አገኘባትና የመስሚያ መሣሪያ አዘዘላት። «ይሄንኑ ያኔ ብታደርጊው ኖሮ» አለ ሐኪሙ፤ የቀረውን ግን ዋጠው። ራዲዮ ከንፈሩ ሲቆም አይታ ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው።

መሣሪያውን ቤት አምጥተው ልጅቱ በሁለቱም ጆሮዋ ላይ ገጠመችላት። መጀመሪያ የመጣው ሹክታ ነው፤ ከዚያ የቧንቧው ጠብታ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ያለ የመኪና ጥሩምባ። ራዲዮ ደንግጣ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ይሰማሻል፣ እማዬ?»

ይሰማል። የልጇን ድምፅ ከሰማች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ወፍሯል፤ የአባቷን ይመስላል። ራዲዮ እንባዋን ጠርጋ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈር ማየት አልፈለገችም።

«አሁን ንገሪኝ» አለች። «ሲያወጡት ምን አለኝ?»

ልጅቱ የመሣሪያውን ባዶ መያዣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አይዞሽ ነው ያለሽ፣ እማዬ» አለች።

ቃሉ ያው ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ድምፁ ግን መሃሉ ላይ ተሰበረ፤ «ነው» የምትለዋ ውስጥ። አይዞሽ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያኔ ግድግዳው ላይ ተደፍታ እንዲያ አታለቅስም ነበር። ራዲዮ ይሄን ከዚህ ቀደምም አስባዋለች፤ ዛሬ ግን ሰማችው።

«አይዞሽ ነው ያለኝ?»

«አዎ እማዬ።»

ራዲዮ ዓይኗን ገለጠች። መሣሪያውን ከሁለቱም ጆሮዋ አወለቀችና መያዣው ውስጥ አስገብታ ከደነችው። ከዚያ ወዲህ ልጇን ምን አለኝ ብላ ጠይቃት አታውቅም።